ለብርቱካን ስልክ ፍለጋ በፔታህ ቲክቫ

ከጎንደር ወጥቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ባሕር ዳርን፣ አዲስ አበባን፣ አንድ ጊዜም ድሬዳዋን አይቻለሁ። ባሕር ማዶ ስሻገር ግን የመጀመሪያዬ ነው። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ ወዲህ የትምህርት ቤታችን መምህራን አንድ በአንድ እየጠሩ "እስቲ አጫውተን" ስላሰለቹኝ ነው። ኢየሩሳሌምን አየህ ወይ ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አላየሁም ነው። ሚስቴ ይህን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች፤ የንስሐ አባቴም እስካሁን ፊት ነስተውኛል። ያለኝን ቀን በሙሉ የጨረስኩት ፔታህ ቲክቫ በምትባል ከተማ ስልክ ስፈልግ ነው።

ሰኞ

የጠሩኝ አክስቴ አዛለች ናቸው፤ የአባቴ እህት። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከቤተ እስራኤል ዘመዶቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ አባቴ ክርስቲያን አግብቶ ስለነበር ቀረ። ከዚያ ወዲህ በድምፅ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። ዘንድሮ "ዓይንህን ሳላይ አልሙት" አሉና የግብዣ ደብዳቤም ቲኬትም ላኩልኝ።

የጉዞው ሌላ ምስጢር ግን ሱሪዬ ውስጥ ነበር። ታናሽ እህቴ ብርቱካን በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት መስማት አቁማለች። ዛሬ ልብስ ሰፊ ናት። ከደንበኞቿም ከጓደኞቿም የሚበዙት እንደ እሷ መስማት የተሳናቸው ስለሆኑ፣ ወሬውም ሥራውም በቪዲዮ፣ በእጅ ምልክት ነው። ባለፈው ክረምት ስልኳ ባልዲ ውሃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚስቴን ስልክ እየተዋሰች ነው የምትሠራው፤ የእሱ ካሜራ ደግሞ ጣት ፈጠን ሲል ያደበዝዛል። በዚህ ምክንያት የአንዲት ሙሽራ የወገብ ልክ ተሳስታ አንድ ሙሉ ቀሚስ አበላሸች። ልጅቷ ለሠርጓ የተከራየችውን ለብሳ ተዳረች፤ ብርቱካንም ያን ሳምንት ከቤት አልወጣችም።

እናም ያጠራቀመችውን ሦስት መቶ ዶላር በራሷ እጅ በሱሪዬ ወገብ ውስጥ ሰፋችልኝ። ትእዛዟ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የፊት ካሜራው የሚሮጥ ጣት ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ይሁን። ሁለተኛ፣ ለአክስቴ ትንፍሽ እንዳልል። አክስቴ ካወቁ ከጽዳት ደሞዛቸው ላይ ይገዛሉ፤ እኛም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳንጠይቃቸው ኖረን አሁን በእንግድነት ስም ልንለምን ሄድን ማለት ነው። ማልኩላት።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንዲት ልጅ እግር ፓስፖርቴን ይዛ "ለምን መጣህ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። አክስቴን ልጠይቅ አልኳት። "ለሌላስ?" ስትለኝ እጄ ሳላዘው ወደ ወገቤ ሄደ። ልጅቷም አየችው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሌላ ክፍል አስቀምጠውኝ፣ የተሰፋውን ኪስ በእጃቸው ዳስሰው፣ ገንዘብ መሆኑን ሲያውቁ ተያይተው ሳቁ። በአርባ አራት ዓመቴ ሰው ፊት ሱሪዬ ሲዳሰስ የመጀመሪያዬ ነው።

የተቀበለችኝ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ሊአት ናት፤ እዚያው የተወለደች፣ መኪናዋን እንደ ባጃጅ ነጂ የምታከንፍ። "ደህና ነህ? ቤት ደህና ነው?" ካለች በኋላ አማርኛዋ አለቀ፤ የቀረውን መንገድ በእንግሊዝኛና በጥቅሻ ተግባባን። አክስቴ ራማት ቬርበር በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንገቴ ላይ ተጠምጥመው፣ "የወንድሜ ሽታ" እያሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ቁርስ ሲቀርብ ግን ደነገጥኩ። ጥሬ ቲማቲም፣ ጥሬ ዱባ የመሰለ ነገር፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ሁሉም እንደ ምስር ደቆ። እኛ አገር በማለዳ ጥሬ አትክልት የሚበላው ፍየል ነው። አክስቴ ፊቴን አይተው "እኔም አመት ሙሉ አልዋጥ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ" አሉና እንቁላል ጠበሱልኝ።

ከሰዓት በኋላ አብረን ወረድን። መንገድ ዳር የደህና ቤት ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና የሕፃን አልጋ ተደርድረዋል።

"ዕቃውን ማን እየጠበቀው ነው?" አልኳቸው።

"ማንም። ተጥሎ ነው። የፈለገ ይወስደዋል።"

"ተበላሽቶ ነው?"

"አይ፣ አዲስ ገዝተው ነው።"

ወንበሩን ዞሬ ዞሬ አየሁት። የርእሰ መምህራችን ወንበር እንዲያ አይደላም። አክስቴ እጄን ጎትተው ባይወስዱኝ ተቀምጬበት እቀር ነበር።

ረቡዕ

አክስቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው አጠገባችን ባለችው ጋኔይ ቲክቫ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሊያጸዱ ሄዱ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ስልክ ስናወራ "አቮዳ አለኝ" ሲሉን አቮዳ ማለት ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ እንዲህ በጨለማ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው የሚሄዱበት መሆኑን ግን አናውቅም ነበር። ያን ጊዜ ብርቱካን እኔን ማስማሏ ልክ እንደነበረ ገባኝ።

ለሊአት "ልንሸራሸር ነው" ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ገብቼ ለሹፌሩ ሃያ ሸቀል ስዘረጋለት በእጁ ገፋው። እዚያ በጥሬ ገንዘብ አይሳፈሩም፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስነክቶ ይከፍላል። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር አንዲት የጸጉር መሸፈኛ ያሰሩ ሴትዮ ስልካቸውን ሁለት ጊዜ አስነክተው እኔንም አሳፈሩኝ። ሃያውን ልሰጣቸው ብል ተቆጡ። ስልክ የሌለው ሰው እዚያ አገር አውቶቡስ እንኳ አይሳፈርም ማለት ነው፤ ብርቱካንን አሰብኳት።

ካኒዮን የሚሉት ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ጌጣጌጥ የሚያበራ የስልክ መደብር አገኘሁ። አዲስ የወጣው ሞዴል ሥር የተጻፈውን ቁጥር አንብቤ፣ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ፣ እንደገና አነበብኩ። በብር ስመነዝረው ከአመት ደሞዜ አለፈ። አጠገቤ የቆመ ጢም ያላበቀለ ወጣት የቀለሙን ነገር ከጓደኛው ጋር እየተማከረ ገዛው። ወጥቼ አዳራሹ መሐል ያለው ፏፏቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሌላ የሠራሁት የለም።

ሐሙስ

አሮጌው ገበያ ውስጥ፣ እዚያ "ሹክ" ይሉታል፣ ከአሳ መሸጫው አልፎ ጠባብ የስልክ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጥቁር ስለሆነ ገባሁ። ኪዳነ ይባላል፤ ከትግራይ በልጅነቱ የመጣ ነው። አንዱን ደንበኛ በዕብራይስጥ፣ አንዱን በትግርኛ፣ እኔን በአማርኛ፣ ሦስታችንንም በአንድ ትንፋሽ ያስተናግዳል።

ስልኮቹን አንድ በአንድ አስከፍቼ ፊት ለፊት አቁሜ በጣቶቼ ማውራት ጀመርኩ። "ብርቱካን፣ ወገብ፣ ስልሳ አራት፣ ክንድ፣ ሃምሳ" እያልኩ በፍጥነት ምልክት እሠራለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ጣቴ ጥርት ብሎ ይታይ እንደሆነ አያለሁ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ወንድሜ፣ ጤናህ ነው?" አለኝ ኪዳነ።

ታሪኩን ነገርኩት። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አመጣልኝ፣ ከዚያም እኔ በሃያ ዓመት ማስተማር ያላገኘሁትን ትዕግሥት አሳየኝ። "አዲስ የወጣውን እርሳው፤ ስሙን ነው የምትገዛው። አዲሱ በወጣ በወሩ ያለፈው ዓመት ሞዴል ዋጋው ይወርዳል፣ ካሜራው ግን ያው ነው። ታድሶ የሚሸጠው፣ መሑዳሽ የሚሉት፣ ከዚያም ይረክሳል። እሱን ስትገዛ ሁለት ነገር እይ። ባትሪው ምን ያህል ደክሟል? የድሮው ባለቤት አካውንቱን ከስልኩ ላይ አውጥቷል ወይ? ካላወጣ ጎንደር ስትደርስ ድንጋይ ነው የያዝከው።"

ስሙ ያን ያህል ያልገነነ ፋብሪካ ያለፈው ዓመት ሞዴል፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ዋጋውን ነገረኝ። በጣቴ አሰላሁት፤ ያለኝ ገንዘብ ይበቃል፣ ለታክሲም ይተርፋል።

ታዲያ አልገዛሁትም። እዚህ ላይ ልትሰድቡኝ መብታችሁ ነው። ጎንደር ገበያ ያደገ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ ገንዘብ ከኪሱ አያወጣም። "ቀንስ እንጂ" አልኩት። "ዋጋው እሱ ነው" አለኝ። "የእህቴን ነገር ነግሬህ?" አልኩት። "ስለነገርከኝ ነው ይህን ያልኩህ" አለኝ። እኔም እንደ ወጉ "ተወው በቃ" ብዬ ዘወር አልኩ። ቀስ ብዬ ተራመድኩ። የጫማዬን ክር ፈትቼ አሰርኩ። አሳ ሻጩ ጋ ቆሜ የማልገዛውን አሳ ዋጋ ጠየቅኩ። እስኪጠራኝ ድረስ ማለት ነው። ዞር ብዬ ሳይ ኪዳነ ለሌላ ሰው የስክሪን መከላከያ ይለጥፋል።

"ነገ ተነገወዲያ እመለሳለሁ" አልኩት ከሩቅ፣ እንዲደነግጥ ብዬ።

"ያላ፣ በሰደር፣ እንደተመቸህ" አለኝ ቀና ሳይል፤ በል እሺ ማለቱ ነው።

እኔ ያሰብኩት ቅዳሜን ነበር። ቅዳሜ የእኛ ትልቁ ገበያ ነው፤ ከየገጠሩ ሰው የሚጎርፍበት፣ ዋጋም የሚወርድበት። አክስቴ የቅዳሜን ሰንበት እንደሚያከብሩ አባቴ ስለነገረኝ አውቃለሁ። እሳቸው ሲያርፉ እኔ ሹልክ ብዬ ገዝቼ እመጣለሁ፣ እሑድ በማለዳ እበራለሁ። አገር ምድሩ እንደሚዘጋ ማን ያስባል?

ዓርብ

አክስቴ ከማለዳ ጀምሮ ሲቀቅሉና ሲጠርጉ ዋሉ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ስለ አባቴ የመጨረሻ ዓመታት እያጫወትኳቸው ደስ ብሎኝ ተቀምጫለሁ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል ሲሆን "ልጄ፣ የጎደለህ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገረኝ። ከዚህ በኋላ እስከ እሑድ ውሃ እንኳ የሚሸጥልህ የለም" አሉኝ።

"ሱቁ ሁሉ?"

"ሁሉም። አውቶቡሱም ይቆማል።"

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። "ትንሽ አየር ልውሰድ" ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። አውቶቡሱን እየለመንኩ ተሳፈርኩ። ገበያው ስደርስ ሰው አበባና ዳቦ ታቅፎ ወደየቤቱ ይሮጣል፤ እኔ ብቻ ነኝ ወደ ውስጥ የምሮጠው። የኪዳነ ሱቅ የብረት መዝጊያው ወርዷል። አንኳኳሁት። በመዳፌ መታሁት። አሳ ሻጩ ወለሉን በውሃ እያጠበ አየኝና በእጁ አለቀ አለኝ፤ በእንግሊዝኛም እሑድ ብሎ ጨመረልኝ። እሑድ ሱቅ ሲከፈት እኔ አየር ላይ ነኝ።

የብረቱ መዝጊያ ሥር ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ጀብዱ ለመቶ ሸቀል ቅናሽ ነበር። የብርቱካንን ፊት ነው ያየሁት፤ ባዶ እጄን ስታይ ምንም እንደማትለኝ፣ በምልክት "አይዞህ" ብላ ደረቷን እንደምትዳብስልኝ አውቃለሁ። ብትሰድበኝ ይሻላል።

ስነሣ አውቶቡስ የለም። በእግሬ ስሄድ መንገድ ስቼ ኔቬ ኦዝ የሚሉት ሰፈር ደረስኩ። ሰው መንገድ እንዳልጠይቅ ሰው የለም፤ መኪና የለም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ከተማ ጭር ሲል አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌ እስከ ራማት ቬርበር መግቢያ ድረስ ሸኙኝ። አክስቴ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ደረጃው ላይ ቆመዋል። የት ነበርክ አላሉኝም። እግሬን አይተው፣ ሰንበት ሳይገባ ቶሎ ብለው በሞቀ ውሃ አስነከሩኝ።

ቅዳሜ

አክስቴ በሰንበት ስልክ አይነኩም፣ ምጣድ አይጥዱም፣ ገንዘብ በአፋቸው አይጠሩም። ምሳ ከዓርብ የተቀመጠ ነው። ሊአት ግን በረንዳ ላይ ወጥታ ስልኳን ትነካካለች። እናቷ ያውቃሉ፤ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በአባቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢታይ ጣሪያው ይነሣ ነበር።

እኔ ምሳዬን ሳልነካ ገፋሁት።

"ከትናንት ጀምሮ ሰው አይደለህም" አሉኝ አክስቴ። "ምን ነካህ?"

መሐላዬን አፈረስኩት። ስለ ባልዲው፣ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ኪዳነ፣ ስለ ጫማዬ ክር ሳይቀር ነገርኳቸው። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

"ብርቱካን? መስማት የማትችል ልጅ ስልክ ምን ያደርግላታል?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። ለእያንዳንዱ ዘመድ አንድ ጊዜ ስልክ ልከዋል፤ ለወንድሞቼ፣ ለአጎቴ ልጆች። ለብርቱካን ግን ሁልጊዜ ጨርቅ ነበር የሚልኩት። እኛም ለምን ብለን አልጠየቅንም፣ ያፍራሉ ብለን። በእጄ አሳየኋቸው። "እንዲህ ስትል ወገብ ማለት ነው። እንዲህ ስትል እናቴ ማለት ነው። ስልኩ ውስጥ ትታያለች፣ ያየቻት ትመልስላታለች።"

"በሰንበት ይህን አናወራም" አሉና ተነሥተው መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አልወጡም። ተቀይመውኛል ብዬ ሻንጣዬን አሰርኩ።

ፀሐይ ጠልቃ፣ አክስቴ በረንዳው ላይ ቆመው ሦስት ኮከብ ቆጥረው፣ ሰንበትን ሸኙ። ወዲያው የቁም ሣጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ስበው አወጡና ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። አምስት የልጅ ካልሲ። በየካልሲው ውስጥ አንድ አንድ ስልክ።

"ኢማ፣ ማ ዜ?" አለች ሊአት፤ እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው። አንዱን አንሥታ ገለባብጣ አየችው። የራሷ ነበር፣ ያለፈው ዓመት። የቀሩትም የእሷና የወንድሞቿ ናቸው፤ አዲስ በገዙ ቁጥር የጣሉትን እናታቸው እየለቀሙ ያስቀምጡት ነበር።

"አክስቴ፣ ይህን ሁሉ ይዘው!"

"ከመጣህ ጀምሮ መሳቢያውን ስከፍት ስዘጋ ነው የሰነበትኩት" አሉ ወደ ወለሉ እያዩ። "የወንድሟን ልጅ ከጎንደር ጠርታ የተጣለ ዕቃ ሰጠችው እንዳልባል አፈርኩ። አዲስ እንዳልገዛልህ አቅሜን ታውቀዋለህ።"

እኔ እሳቸውን ላለማስቸገር፣ እሳቸው እኔን ላለማዋረድ፣ በአንድ ቤት አምስት ቀን ተደባብቀን ኖረናል። መሳቢያው እኔ ከተኛሁበት አልጋ ሁለት እርምጃ ይርቃል።

ኪዳነ እንዳለው የሊአትን ስልክ ባትሪ አየን፤ ደህና ነው። አካውንቱ ግን የሊአት ነበር፣ የይለፍ ቃሉን ደግሞ ረስታዋለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፀጉሯን እየነጨች የቀድሞ ጓደኞቿን ስም ሁሉ ሞከረች። እናቷ የማያውቁት ስም ብቅ ባለ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ እኔ ስልኩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል ብዬ ላብ ያጠምቀኛል። በመጨረሻ ተከፈተ። አካውንቱን አጠፋችና ስልኩን እንደ አዲስ አደረገችው። የፊት ካሜራውን በጣቶቼ ፈተንኩት። የጥፍሬ መሰንጠቅ እንኳ ይታያል።

"ደውልላት" አሉ አክስቴ።

ሚስቴ አነሣችና ስልኩን ለብርቱካን ያዘችላት። አክስቴ በሁለት ዓመቷ ትተዋት የሄዱትን ሕፃን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ሆና አዩዋት። እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው "ብርቱካኔ፣ ደህና ነሽ ወይ?" አሉ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው ድምፃቸው ተቋረጠና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ብርቱካን ያን አይታ የጨርቅ ጫፍ እንደያዘች ሁሉ ሁለት ጣቷን ገጥማ ዓይኗ ጥግ ላይ አስነካች። ደገመችው።

"ምን አለችኝ?"

"ስም አወጣችልዎ" አልኳቸው። "መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚወዱት ሰው የምልክት ስም ያወጣሉ። ከእንግዲህ እርስዎን ስትጠራ እንዲህ ነው የምትለው።"

አክስቴ በራሳቸው ጣት ሞከሩት። "ሠላሳ ዓመት 'ብርቱካን ደህና ናት?' እያልኩ እናንተን ስጠይቅ" አሉ፣ "ለካ እሷን ራሷን መጠየቅ እችል ኖሯል።"

እሑድ

ጎሕ ሳይቀድ ሊአት አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰችኝ። ስልኩ በካልሲው ውስጥ እንዳለ ነው፤ አክስቴ አውጣው ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። ፈታሾቹ አሁንም ወገቤን ዳሰሱ። የብርቱካን ገንዘብ ስፌቱ ሳይፈታ ጎንደር ገባ፤ በእሱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሞተር አስቀየረች።

ከዚያ ወዲህ ዘወትር ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ሁለቱ በቪዲዮ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ሰሞን መሐል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሊአትም አንዳንዴ ብቅ ትላለች፤ አማርኛ የማይወጣላት ልጅ በእጇ ከእኔ ትፈጥናለች። ባለፈው ዓርብ ወደ ክፍሉ ስገባ ብርቱካን ዞር ብላ አየችኝና ወደ ስልኩ ተመለሰች። የእኔ የምልክት ስም ከልጅነታችን ጀምሮ መነጽር ነበር፤ ሁለት ጣት በዓይን ዙሪያ። አሁን ግን ሁለት ጣቷን መዳፏ ላይ ቀስ ብላ አራመደች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ አቆመቻቸው፣ የጫማ ክር የምታስር መሰለች፣ ከዚያም ይጠሩኛል ብላ እንደምትጠብቅ ወደ ኋላ አዞረቻቸው። ስልኩ ውስጥ አክስቴ ያንኑ ደገሙት፤ ሳቃቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አስጠረጋቸው። ሌላ ብዙ ነገርም ተባባሉ። አስተርጉምልን ያለኝ የለም።